ክረምቱ ሳይገባ ለልጆቻችን አንድ ክፍል ክፈቱልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ትንሹ አምስት ሞልቶታል። ጋዜጣችሁ የሚደርሰኝ ከሱቄ ጎን ካሉት ሸማኔ አባት ነው። እሳቸው አንብበው ሲጨርሱ ያቀብሉኛል፤ እኔም ሻይ እየጠጣሁ አነበዋለሁ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ግን ዝም ብዬ ማሳለፍ አልቻልኩም።

የምጽፈው ስለ ልጆች መጽሐፍ ነው። በየሰፈራችን ያሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ክረምት ለትንንሽ ልጆች በራቸውን ይክፈቱ ለማለት ነው።

መጀመሪያ ክረምት ለአንዲት ሠርታ አዳሪ እናት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ ትእዛዝ መግባት ይጀምራል። ነሐሴ ሲጋመስ የእንቁጣጣሹ ቀሚስ ይከመራል። ጳጉሜ ላይማ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። የዓመት ወጪዬን ብዙውን የምሸፍነው በእነዚህ ወራት ነው። ልጆቼ ቤት የሚውሉትም ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ ከሰዓት በኋላ አይቀርም። ወጥተው እንዳይጫወቱ ጭቃው አለ፣ ብርዱ አለ፣ መኪናው አለ። ስለዚህ ሱቄ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር ይቀመጣሉ። ምን ይሠራሉ? ስልኬን ይይዛሉ።

ካቻምና ክረምት እንዲያ ሆኖ አለፈ። ከጠዋት እስከ ማታ ካርቱን። ባትሪው ሲያልቅ ይጣላሉ፣ ሲሞላ ጸጥ ይላሉ። ጸጥታው ለእኔ ዕረፍት ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ትልቋ ግን መዋዕለ ሕፃናት ያወቀችውን ፊደል ግማሹን ረስታ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ተመለሰች። አስተማሪዋ አስጠርታ ነገረችኝ። የዚያን ዕለት ማታ የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አብረን ወረድን። 231 ፊደል ነው። ሁሉንም በዜማ ትለዋለች። አንዱን ነጥዬ «ይሄስ?» ስላት ግን ከመጀመሪያው ጀምራ ካልቆጠረች አታገኘውም።

ጎረቤቶቼ «የክረምት ትምህርት አስመዝግቢያት» አሉኝ። አስቤበት ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ደብተር ተሸክማ ከርማለች። ክረምቱንም ሒሳብ እየሠራች ታሳልፈው? የገንዘቡም ነገር አለ።

አምና ሰኔ ላይ አንዲት ደንበኛዬ ከአሜሪካ መጣች። ኑሮዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለእህቷ ሠርግ ቀሚስ ልታሠራ ሱቄ ስትገባ ልጆቼ ስልኩ ላይ አቀርቅረዋል። አየቻቸው። አልወቀሰችኝም። «እኔም ትምህርት ሲዘጋ ልጆቼን የማደርጋቸው አጥቼ ነበር፤ ያወጣኝ ላይብረሪው ነው» አለችኝ። ከቤቷ ቅርብ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። በዕረፍቱ ወራት ለልጆች ተረት ይነበባል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፣ ይሥላሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ወረቀት ይቆርጣሉ። ሲወጡ መጽሐፍ ተውሰው ይሄዳሉ፤ ያውም በነጻ። «ዘንቢል ሙሉ ይዤ ነው የምመለሰው» አለችኝ።

«ቢቀደድስ?» አልኳት።

«ልጅ ያነበበው መጽሐፍ መቀደዱ የት ይቀራል? እነሱም ያውቁታል» አለችኝ።

ይቺ ንግግሯ ልቤ ውስጥ ቀረች።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። በታክሲ ብዙ የማይርቅ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ሰምቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመን።

«ሕፃን አይገባም።»

«ለምን?»

«ይረብሻሉ። ተፈታኞች እያነበቡ ነው።»

በመስኮት አየኋቸው። የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ጠባብ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ያጠናሉ። አንዳንዱ ቦታ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንጀቴን በሉት። እነሱም የእናት ልጆች ናቸው፤ የዓመታት ልፋታቸው ያለው በዚያ ፈተና ላይ ነው። ጥበቃው አልተሳሳተም። ልመለስ ዞር ስል አንዲት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ብቅ አለች። ልጄን አየቻት።

«ማንበብ ትወጃለሽ?» አለቻት።

ልጄ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አላውቅም» አለች።

እውነቷን ነው። በምን ታውቀው? ከትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ ሌላ በእጇ ገብቶ አያውቅም።

ሴትየዋ ወደ ጓሮ ይዛን ዞረች። ከአዳራሹ ጀርባ ዕቃ ክፍል አለ። የተሰበሩ ወንበሮች፣ የተጠረዘ አሮጌ ጋዜጣ፣ አንድ የብረት ቁም ሳጥን። ከጋውኗ ኪስ ቁልፍ አውጥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችው። ከላይ እስከ ታች የልጆች መጽሐፍ ነው! ገና ከላስቲካቸው ያልወጡ አሉ። እጄን በአፌ ጫንኩ።

«በእርዳታ የመጡ ናቸው» አለችኝ። «በእኔ ስም ነው የተመዘገቡት። ቢጠፋም ቢቀደድም ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው። ምን ላድርግ?»

ስትናገር ፊቷ ጥቁር አለ። የቆለፈችው ክፉ ሆና አይደለም። ንብረት ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። መጽሐፍ ሳይነበብ አሥር ዓመት ቢቀመጥ ግን የሚጠየቅ የለም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለአንድ ሰዓት ታወጣልን ዘንድ ለመንኳት፤ እሺ አለች። እዚያው ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ጋቢዬን መሬት ላይ አንጥፌ ተቀመጥን።

አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው። ትንሹ አንዱን ትልቅ መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ሥዕሉ ላይ ቤቱም፣ ዛፉም፣ መንገዱም በበረዶ ተሸፍኗል። ልጆች በነጩ ላይ ይሮጣሉ። ትንሹ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳርፎ፣

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ባዘቶ ማን ነው ያሰጣው?» አለኝ።

የሸማኔ ሰፈር ልጅ ነው። ነጭ ሆኖ የተዘረጋ ነገር እሱ የሚያውቀው ጥጥ ነው፣ ባዘቶ ነው። አላረምኩትም። «የልጆቹ አያት ናቸው» አልኩት። ከዚያ በኋላ በየገጹ የአያትየዋን ታሪክ እየፈጠርን ሄድን። ባዘቶው በዝቶባቸው ልጆቹን አግዙኝ እንዳሏቸው፣ ልጆቹ ደግሞ ረግጠው እንዳቆሸሹባቸው። መጽሐፉን ዘግቶ «ደግመሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ትልቋ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ አገኘች። ቀጭን ነው፤ ሽፋኑ ለቋል። በአንድ ገጽ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ ጀመረች።

«ዝ» አለች። «ን» አለች። «ጀ»። «ሮ»።

ዝም አለች። አራቱንም አንድ በአንድ ጠርታቸዋለች። ግን ገና አልተያያዙላትም። ሥዕሉን አይታ እንዳትገምት በመዳፌ ሸፈንኩት። እንደገና ከመጀመሪያው ያዘችው። «ዝን... ጀሮ።» ጣቷ ቆመ። ቀና አለች። «ዝንጀሮ! እማዬ፣ ዝንጀሮ ነው የሚለው!» ብላ ጮኸች። እጄን ሳነሣ ዝንጀሮው ገጹ ላይ ቁጭ ብሏል። የሳቀችው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን አልጠየቀችኝም። በመስኮት የፋርማሲውን ስም፣ የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ፣ የሚከራይ ቤት ወረቀት እየገጣጠመች እያነበበች ሽሮ ሜዳ ደረስን።

ከዚያ በኋላ ያቺ ደግ ሴት በራሷ ጊዜ ለሦስት ቅዳሜ ለልጆች ዕቃ ክፍሉን ከፈተችው። ወንበሮቹን ወደ ጥግ ገፋን። አንዲት እናት ሰሌን አመጣች። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ልጆች ነበሩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ክፍሉ አልበቃ ብሎ ደጃፉ ላይ ሁሉ ተቀመጡ። ማስታወቂያ አልተለጠፈም፤ ልጅ ለልጅ እየነገረ ነው የመጡት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጎረቤቴን ሸማኔ አባትን ይዤያቸው ሄድኩ። ከጋሞ ተራራ በልጅነታቸው የመጡ ናቸው። መጀመሪያ «እኔ መጽሐፍ ምን አውቃለሁ?» ብለው እንቢ አሉኝ። ተረት ብቻ ነው አልኳቸው። በጋሞኛ ተረቱት። የልጅ ልጃቸው ከሥር ከሥር በአማርኛ መለሰችው። ጅቡ ሲናገር ድምፃቸውን ያጎርኑታል፤ ለዚያ ትርጉም አላስፈለገም። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «እኛ ቤት ይሄ ተረት በኦሮምኛ ነው ያለው!» አለ። ሸማኔ አባት «ና አንተ ደግሞ ንገረኝ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት።

ያ ቀን የመጨረሻው ሆነ። ሴትየዋ «ተረት ተረት!» ስትል ልጆቹ በአንድ አፍ «የላም በረት!» ብለው ይመልሳሉ። ድምፁ አዳራሹ ድረስ ይሰማል። ተፈታኞቹ አቤቱታ አቀረቡ፤ አልፈርድባቸውም። ኃላፊው መጡ። ክፍሉ ለዚህ አልተፈቀደም፣ ንብረት ቢጠፋ ማን ይጠየቃል፣ አንድ ልጅ ቢወድቅስ አሉ። ቁም ሳጥኑ ተቆለፈ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሳያውቁ የመጡ ልጆች ዝናብ ላይ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አንዷ በላስቲክ ጠቅልላ የራሷን እርሳስ ይዛ መጥታ ነበር።

አዘጋጆች ሆይ፣ የጻፍኩላችሁ በዚያች ልጅ ምክንያት ነው።

ሀገራችን ቤተ መጻሕፍት አጥታ አይደለም። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ልጆቼን ይዣቸው ሄጄ ነበር። ሕንፃውን አንጋጠው እያዩ መግባት አልፈለጉም ነበር፤ ቤተ መንግሥት መስሏቸው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በመሠራቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ሁለት ልጅ ይዞ በክረምት ዝናብ ታክሲ ተጋፍቶ በየሳምንቱ አራት ኪሎ መውረድ ቀላል አይደለም። ከኮተቤና ከአየር ጤና ለሚመጣማ አስቡት። ትንሽ ልጅ የሚያስፈልገው በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት ነው። ከሱቁ፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከመስጊዱ እኩል የሚቀርበው።

ይህ ደግሞ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ያቺው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አጫውታኛለች። እኚህ ሰው አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። በየቋንቋው የልጆች መጽሐፍ ምረጡ ሲባሉ በአማርኛ የሚመርጡት አጡ። ያ አንገበገባቸውና ራሳቸው ለልጆች ጻፉ። ከዚያ መጽሐፍ አስጭነው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ አካባቢ፣ በሚኖሩበት ቤት ምድር ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቆየት ብሎም ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው የመጽሐፍ ጋሪ ተጀመረ። ልጆቹ ወደ መጽሐፉ መድረስ ካልቻሉ መጽሐፉ ወደ እነሱ ይሂድ ብለው ነው። አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ይህን ካደረገ፣ ወረዳ አንድ ክፍል እንዴት ያጣል?

ተረት መስማት ለልጅ ምን እንደሆነ ደግሞ የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቃል። ተስፋዬ ሳህሉ፣ አባባ ተስፋዬ፣ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። ጎረቤት ቤት መሬት ላይ ተደርድረን ነው የምናያቸው። የቤቱ እመቤት እግራችሁን ታጠቡ ትለናለች፤ ታጥበን እንገባለን። እሳቸው «ልጆች» ብለው ሲጣሩ ለእኔ ለብቻዬ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያርፉ የስፌት መኪናዬን አቁሜ አለቀስኩ። የዛሬ ልጆች ስልክ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ካርቱን አላቸው። በስማቸው የሚጠራቸው፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚላቸው ሰው ግን ስልክ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ መጽሐፍ ዋጋ። ባለፈው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት መጽሐፍ ሻጮች ሦስት ቀጫጭን የልጆች መጽሐፍ ገዛሁ። የሳምንት አስቤዛዬን ነካው። ልጆቼ በሁለት ቀን ጨረሷቸው። ልጅ መጽሐፍ ይበላል፤ እንደ ዳቦ ነው። ገዝቶ ማጥገብ የሚችል ወላጅ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ማዋስ የሚያስፈልገው። በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ፣ በወላጅ መታወቂያ። እኔ መታወቂያዬን ለማስያዝ ዝግጁ ነኝ፤ የማውቃቸው እናቶችም እንደዚያው።

የምለምነው እንግዲህ ይህን ነው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል፣ ባይኖር አንድ ዳስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለልጆች ይሰጥ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሆነ ጠዋት ነው የሚሻለው። ከተፈታኞች አዳራሽ ይራቅ፤ ልጅ ዝም በል አይባልም፣ የተጨነቀ ተማሪም አይረበሽም። ወንበር አንፈልግም። ሰሌን ይበቃል፤ ሰሌኑን እኛ እናመጣለን። መደርደሪያው ግን በልጅ ቁመት ይሁን። የብረት ቁም ሳጥን ለልጅ ግድግዳ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ርዕስ አያነብም፤ ሥዕል አይቶ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ መጽሐፎቹ ጀርባቸውን ሳይሆን ፊታቸውን ይስጡት።

ምን ይሠሩበታል ለሚል ሰው፣ ክረምቱ ራሱ ሥራ አለው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ወንዶቹ ጅራፍ ይገምዳሉ። ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ ግን አሁን ብዙዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች አያልፉም፤ ሳንቲም ስትሰጣቸው ይሮጣሉ። ከአያቶቻቸው ግጥሙን እየጠየቁ ይጻፉት። በእጃቸው የጻፉትን ደግሞ ያንብቡት። ሴቶቹም የአበባየሆሽን እንዲሁ። ጳጉሜ ላይ የእንቁጣጣሽ ሥዕል አለ። እኛ በልጅነታችን ሌሊቱን ሙሉ አደይ አበባና መልአክ ስንሥል እናድር ነበር። ዛሬ ታትሞ የሚሸጠውን ገዝተው ነው የሚያዞሩት። ወረቀትና ቀለም አንድ ቦታ ቢያገኙ እኮ ይሥላሉ! እኔ ሱቅ የሚተርፍ የጥለት ቁራጭና ክር ሞልቷል፤ ሥዕሉ ላይ እየለጠፉ ይሞክሩት።

እንቆቅልሽም አለ። ይህን አምና በእነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች ሞክረነው ነበር። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ይባላል። ያልመለሰ ልጅ ሀገር ይሰጣል። ሠራተኛዋ የኢትዮጵያን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። «ሀገር ስጠኝ» የተባለው ልጅ ሀገሩን በአፉ ብቻ መስጠት አይችልም፤ ሄዶ ካርታው ላይ በጣቱ ማሳየት አለበት። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ጎንደርን ይሰጣሉ፤ ሌላ አያውቁማ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ጭንቅላቷን አዘንብላ ፊደሉን እየለቀመች «ጂንካን ሰጠሁህ» አለች። ሸማኔ አባት ደስ ብሏቸው አጨበጨቡላት።

አንባቢውም አለ። ጡረታ የወጡ መምህራን በየሰፈሩ አሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች ክረምቱን ቤት ናቸው። አያቶች አሉ። ይህን ሁሉ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ብቻዋን ትሸከም አልልም። እሷ ቁልፉን ያለ ፍርሃት እንድትከፍት ይፈቀድላት። በልጅ እጅ ያረጀ መጽሐፍ ከደሞዟ አይቆረጥባት። ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ዋናው ልመናዬ ይቺ ናት። አንድ ደብዳቤ ጽፋችሁ የልጆች መጽሐፍ በአገልግሎት ሊያልቅ የሚችል ዕቃ ነው በሉ። እንደ ጠመኔ፣ እንደ ሳሙና። ቁም ሳጥኑ በዚያው ቀን ይከፈታል።

ስለ መቀደዱ ደግሞ አታስቡ። ያን ሽፋኑ የለቀቀውን የዝንጀሮ መጽሐፍ አምና ፈቃድ ጠይቄ ወደ ሱቄ ወስጄው ነበር። ገጾቹን አስተካክዬ ደረብኳቸው። መሃል እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቦታ በሳሁት። ወፍራም ክር ሰም አስነክቼ በመሃለኛው ቀዳዳ አስገባሁ፣ በላይኛው አወጣሁ፣ በታችኛው መልሼ በመሃሉ ቋጨሁት። ሽፋኑን ከተረፈ አቡጀዲ ጀርባ ሰጥቼ በኮላ አጣበቅኩት። ከቡና ማፍላት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀብኝ። ሦስቱን ቅዳሜ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድም ገጽ አልወለቀም። ትልቋ አጠገቤ ቆማ አይታ፣ አሁን የራሷን ደብተር እንዲያ ትሰፋለች።

ስለዚህ የተቀደዱትን አምጡልኝ። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ሸማኔዎቹ ዘንድ ስትደርሱ የልጆች መጽሐፍ የምትሰፋዋ የት ናት ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። ገንዘብ አልቀበልም። ጳጉሜ ላይ ብቻ አይመቸኝም። እስከዚያ ግን እሑድ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሱቄ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ